"የክፍል ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ" ሲባል መጀመሪያ ምን ልጠይቅ?

የማታ_ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። በየጥቂት ወሩ አንድ ሰው "በክፍል ሙቀት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ" የሚል ቪዲዮ ይልክልኛል። እኔም በየጊዜው ልቤ ይዘላል። በ2023 ጁላይ ኤልኬ-99 የተባለው ከኮሪያ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ነው የተከታተልኩት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያቺ ጥቁር ስባሪ አንድ ጎኗን ማግኔቱ ላይ አስደግፋ፣ ሌላውን ጎኗን አየር ላይ አንሳፍፋ ስትታይ፣ በቃ ዓለም ተቀየረ ብዬ ነበር። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ነገሩ እንዳልነበር ሆነ። እውነቴን ነው፣ አዘንኩ።

አሁን ደግሞ ኒኬሌት ይላሉ፣ ሃይድራይድ ይላሉ፣ ግራፊን ይላሉ። የትኛው ነው እውነተኛ እርምጃ? የሚያውቅ ሰው ምን አይቶ ነው "ይሄ ውሃ ያነሳል፣ ያኛው አያነሳም" የሚለው? እባካችሁ በቀላሉ አስረዱኝ።

ባለአራት_ሽቦ

እህቴ፣ ያዘንሽው ብቻሽን አይደለም። እኔ የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ልኬት ላይ ነው፣ ስለዚህ ከልኬት ልጀምር።

ሱፐርኮንዳክተር ሁለት ምልክት አለው። አንደኛው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገታው ኃይል፣ ዜሮ መሆኑ ነው። ይህን ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 ላይደን ውስጥ ሜርኩሪን እስከ 4.2 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ) አቀዝቅዞ አየው። ሁለተኛው ማግኔታዊ መስክን ከውስጡ ማስወጣቱ ነው። ይሄኛውን ማይስነርና ኦክሰንፌልድ በ1933 አገኙት። ሁለቱም ካልታዩ ገና ምንም አልተያዘም። አንዱን ብቻ አይቶ መጮህ ነው ሰውን የሚያሳስተው።

የራሴን ልንገርሽ። ናሙናን የምንለካው በአራት ሽቦ ነው። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያስገባሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጁን ያነባሉ። ሽቦዎቹን የምናጣብቀው በብር ቅባት ነው፣ በማጉያ መነጽር እያየን፣ በቀጭን እንጨት ጫፍ። አንድ ሌሊት አዲስ ናሙና እያቀዘቀዝኩ 90 ኬልቪን አካባቢ ስደርስ መስመሩ ቁልቁል ወረደና ዜሮ ላይ ተቀመጠ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት አሙቀን ስንከፍተው ኤሌክትሪክ የሚያስገባው አንዱ ሽቦ የተጣበቀበት ቅባት ከቅዝቃዜው ብዛት ተሰንጥቆ ተላቋል። ናሙናው ውስጥ ምንም አይገባም ነበር! ምንም የማይገባበት ነገር ቮልቴጁ ዜሮ ቢሆን ምን ይገርማል? እኔ የማካፍለው ለመሣሪያው ባዘዝኩት ቁጥር እንጂ በእውን በሚያልፈው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማግኔት ልኬቱን ሳላይ አንድ ቃል አልናገርም።

ኤልኬ-99ም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውስጡ የመዳብና የድኝ ውህድ ቆሻሻ ነበረበት። ያ ውህድ 104 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ቅርጹን ስለሚቀይር ሬዚስታንሱ ድንገት ይወርዳል፣ ወደ ዜሮ ግን አይደርስም። ጀርመን ሽቱትጋርት ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ንጹሕ ክሪስታሉን አሳድጎ ሲያየው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክ ግን የማያሳልፍ ሆኖ ተገኘ።

ጥያቄ_አለኝ

እሺ፣ ግን ያቺ ስባሪ ተንሳፋ አየናት እኮ። ምን ነበር ያነሳት?

ባለአራት_ሽቦ

አልተንሳፈፈችም ወንድሜ፣ አንድ ጫፏ ማግኔቱን ነክቶ ነበር። ትንሽ ብረታማ ማግኔትነት ያለው ማንኛውም ስባሪ እንዲህ ሊቆም ይችላል። እውነተኛው ሌላ ነው። ኢትሪየም ባሪየም መዳብ ኦክሳይድ የሚባለውን ጥቁር ክብ ቁራጭ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ስታስገባው መጀመሪያ ናይትሮጅኑ እንደ ጉድ ይንተከተካል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ቁራጩ 77 ኬልቪን ደርሷል ማለት ነው። ማግኔት ከላዩ አቅርበህ ስትለቀው ባለበት ይቆማል። በጣትህ ብትነካው እየዞረ ይቆያል። ማግኔቱን ይዘህ ወደ ላይ ስትስበው ቁራጩ አብሮት ይነሳል፣ በመሃላቸው ክፍተቱ እንዳለ ሆኖ። የመስኩ ክሮች ቁራጩ ውስጥ ስለተቸነከሩ ነው። ቁራጩ ሲሞቅ ማግኔቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ይነካዋል። አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው የኤልኬ-99ን ቪዲዮ ሲያይ የሆነ ነገር እንደጎደለው ወዲያው ይታወቀዋል።

ሃይድሮጅን_ወዳጅ

ስለ ሃይድራይዶች እኔ ልበል፣ ምክንያቱም ስማቸው ያለ አግባብ ሲጎድፍ ያመኛል።

ነገሩ የጀመረው ከሐሳብ ነው። አሽክሮፍት የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1968 ሃይድሮጅን በከባድ ግፊት ብረት ከሆነ በከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል አለ። በ2004 ደግሞ ንጹሕ ሃይድሮጅን ከሚያስቸግር በሃይድሮጅን የበለጸጉ ውህዶችን ሞክሩ አለ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በተለመደው ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ የሚሆኑት በአቶሞቹ ንዝረት አማካይነት ነው። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 ያስረዱት ይህንን ነው። አቶሙ ቀላል ሲሆን ንዝረቱ ይፈጥናል፣ ጥንዱም ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል። ከሃይድሮጅን የሚቀል አቶም ደግሞ የለም።

በ2015 ጀርመን ማይንዝ ውስጥ የኤሬሜትስ ቡድን የሃይድሮጅንና የድኝ ውህድን በሁለት አልማዞች መካከል 150 ጊጋፓስካል አካባቢ ጨምቆ 203 ኬልቪን ላይ አየው። ይህ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የላንታነም ሃይድራይድ 250 ኬልቪን ደረሰ፣ በ170 ጊጋፓስካል ገደማ። ስሌቱ ከሙከራው ቀድሞ የት እንደሚገኝ መናገሩ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። በዚህ መስክ ለብዙ ዘመን ሁሉም ነገር በአጋጣሚ ነበር የሚገኘው።

ከዚያ ችግሩ መጣ። በ2020 አንድ የአሜሪካ ቡድን 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አገኘሁ አለ። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ በ1 ጊጋፓስካል ብቻ፣ በክፍል ሙቀት አገኘሁ አለ። ሁለቱም ኔቸር መጽሔት ላይ ወጡ። ሁለቱም ተሰረዙ፣ አንዱ በ2022፣ ሌላው በ2023። ሰው ከዚህ ተነስቶ ሃይድራይድ ሁሉ ውሸት ነው ሲል እሰማለሁ። አይደለም! የማይንዙ ሥራ በሌሎች ላብራቶሪዎችም ተደግሟል።

እንዲያውም በ2025 እዚያው ማይንዝ ውስጥ ያንኑ የድኝ ውህድ በአልማዞቹ መካከል እንደተጨመቀ በታነሊንግ፣ ኤሌክትሮኖች በቀጭን መከላከያ ሾልከው ሲያልፉ በማየት፣ ለኩት። ኤሌክትሮኖቹን ጥንድ አድርጎ የሚይዘው የኃይል ክፍተት 60 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሃይድሮጅኑን በከባዱ ወንድሙ በዲውቴሪየም ሲተኩት ክፍተቱ ወደ 44 ወረደ። አቶሙ ሲከብድ ንዝረቱ ዘገየ፣ ጥንዱ ደከመ፣ ልክ ቲዎሪው እንደሚለው። ኤሬሜትስ ይህ ሥራ ታትሞ ከመውጣቱ በፊት በ2024 አርፏል። ዕድሜውን የሰጠበት ጥያቄ እንዲህ ባለ ንጹሕ መልስ መታሰሩ ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

ጥያቄ_አለኝ

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን 150 ጊጋፓስካል እኮ ከአየር ግፊት 1.5 ሚሊዮን እጥፍ ነው! ናሙናው ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ምን ሊሠራበት ነው?

ሃይድሮጅን_ወዳጅ

ሽቦ አይሠራበትም፣ ትክክል ነህ። የሚሠራልን ሌላ ነው። በዚህ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር መኖር እንደማይከለከል አሳየን። ከእንግዲህ ያለው ጥያቄ ግፊቱን እንዴት እናውርድ የሚለው ነው። ዜና ሲመጣ ከሙቀቱ ቀጥሎ ግፊቱን ጠይቅ። ግፊቱን ያልጻፈ ዜና ግማሹን ደብቋል።

ኒኬል28

ግፊት ካነሳችሁ አይቀር ወደ እኔ ሰፈር መጣችሁ። ቀጭን ሽፋን ነው የማሳድገው። በቅርብ ዓመታት ከተሠራው ሁሉ እኔ ትልቁ እርምጃ የምለው ኒኬሌት፣ ማለትም የኒኬል ኦክሳይድ፣ ነው። ወገንተኛ ነኝ፣ ግን ምክንያቴን ስሙኝ።

በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ላብራቶሪ የመዳብ ኦክሳይዶቹን፣ ኩፕሬት የሚባሉትን፣ ካገኙ በኋላ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ቀረ። ለምን መዳብ? ኒኬል በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ የመዳብ ቀኝ ጎረቤት እንኳ አይደለም፣ ግራ ጎረቤቱ ነው፣ በአንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያንሳል። ታዲያ ኒኬልን እንደ መዳብ ማስመሰል አይቻልም ወይ? ሠላሳ ዓመት አልፎ በ2019 የስታንፎርዱ የህዋንግ ቡድን ቻለ። ግን ከ9 እስከ 15 ኬልቪን ብቻ ነበር። ሰው አጨበጨበና ዝም አለ።

ከዚያ በ2023 ቻይና ውስጥ የሱን ያት-ሰን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሌላ ዓይነት ኒኬሌት፣ ባለ ሁለት ድርቡን፣ ከ14 ጊጋፓስካል በላይ ጨምቆ 80 ኬልቪን ገደማ ላይ አየው። ይህ ከፈሳሽ ናይትሮጅን መፍያ በላይ ነው። ያን ቀን ሥራችንን አቁመን ወረቀቱን ነው ያነበብነው።

አሁን ወደ ጣፋጩ ቦታ ልምጣ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ስታንፎርድና አንድ የቻይና ቡድን፣ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ፣ ይሄው ቁስ ያለ ምንም አልማዝ ከ40 ኬልቪን በላይ ሱፐርኮንዳክተር መሆን እንደሚጀምር አሳዩ። እንዴት? ሽፋኑን ያሳደጉት አቶሞቹ ይበልጥ ተጠጋግተው በተደረደሩበት ሌላ ክሪስታል ላይ ነው። ላይኛው ከታችኛው ጋር ልክ በልክ ለመግጠም ሲል ወደ ጎን ይጨመቃል፣ 2 በመቶ አካባቢ። አልማዙ ይሠራው የነበረውን ሥራ ወለሉ ሠራው! ሽፋኑ ግን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ መሆን አለበት። ከወፈረ ጭመቃው ይላቀቅና ሁሉም ነገር ይበላሻል። ኦክስጅኑም ትንሽ ከጎደለ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ በኦዞን እናክመዋለን። ጠዋት ጥሩ የነበረ ሽፋን ኦክስጅን አጥቶ ማታ ሲበላሽ አይቻለሁ።

በተለመደው ግፊት ከ40 ኬልቪን በላይ የሚሠሩ ቤተሰቦች እስከዚያ ሁለት ነበሩ፤ ኩፕሬቶቹና በ2008 ጃፓን ውስጥ የሆሶኖ ቡድን የጀመራቸው የብረት ውህዶች። አሁን ሦስተኛ መጣ። ኤሌክትሮኖቹን ምን እንደሚያጣምራቸው ገና ያልተስማማንበት ነገር ላይ ሦስተኛ ምስክር ማግኘት ቀላል አይደለም።

የማታ_ተማሪ

ይሄ "ወለሉ ጨመቀው" የሚለው ገባኝ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ግን ከ80 ወደ 40 ወረደ ማለት አይደለም? ይሄ እንደ ኋላ መመለስ አይቆጠርም?

ኒኬል28

በቁጥር ካየሽው ወርዷል። ግን አልማዝ ውስጥ ያለ ናሙና ላይ ብዙ ልኬት ማድረግ አይቻልም። ኤሌክትሮኖቹን በብርሃን ገፍትረሽ አውጥተሽ ጉልበታቸውን ማንበብ አትችዪም፣ አልማዙ ይከልልሻል። ሽፋኑ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። የፈለግሽውን መሣሪያ ታቀርቢበታለሽ። እኔ ከተዘጋው 80 ይልቅ ክፍቱን 40 እመርጣለሁ።

ጠመዝማዛ

ሁላችሁም ስለ ሙቀት ታወራላችሁ። እኔ ማግኔት የምጠመጥም ኢንጂነር ነኝና ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይሸከማል? በምን ያህል መስክ ውስጥ? ይጠመዘዛል ወይስ ይሰበራል?

ከ1993 ጀምሮ በተለመደው ግፊት 133 ኬልቪን የሚደርስ የሜርኩሪ ኩፕሬት አለን። ማግኔት ሲጠመጠምበት አይቼ አላውቅም። በየሆስፒታሉ ያለው ኤምአርአይ የሚሠራው ግን በኒዮቢየም ቲታኒየም ነው፣ 4 ኬልቪን ላይ። ለምን? ብረት ስለሆነ ነው። ይሳባል፣ ይጠመዘዛል፣ አይሰበርም። ኩፕሬት ግን እንደ ሸክላ ነው። አጠፍኩህ ስትለው ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ከ10 ዲግሪ በላይ ከተዛነፉ የሚሸከመው ኤሌክትሪክ በብዙ እጥፍ ይወድቃል።

መፍትሔው ሪቦን ነው። ቀጭን የብረት ሪቦን ላይ ጥቂት ማይክሮን የማይሞላ የሱፐርኮንዳክተር ሽፋን ይነጠፋል፣ ቅንጣቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው። ያንን በኪሎሜትር መሥራት እስኪቻል፣ ቅድም የተነሳው የኢትሪየም ውህድ ከተገኘበት ከ1987 ጀምሮ፣ ሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። በ2021 ሴፕቴምበር የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲና ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ 267 ኪሎሜትር ሪቦን ጠቅልለው 20 ኬልቪን ላይ 20 ቴስላ (የማግኔታዊ መስክ መለኪያ ነው) አወጡ፣ ለፊውዥን፣ ማለትም አቶሞችን በማዋሃድ ለሚሠራ፣ ማመንጫ። ለእኔ የዘመኑ ዜና ያ ነው። አዲስ ቁስ የለበትም። የ1987ቱ ቤተሰብ ነው፣ በሚገባ የተሠራ።

ጥያቄ_አለኝ

ታዲያ ሙቀቱ አያስፈልግም እያልከን ነው? እንደዚያ ከሆነ ይህ ሁሉ ሩጫ ለምኑ ነው?

ሄሊየም_ጠባቂ

ይሄን እኔ ልመልስ ልጄ። ከሃያ ዓመት በላይ የኤምአርአይ ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ። ሙቀቱ ያስፈልጋል፣ በደንብ ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ቀን አንድ ማግኔት ድንገት ከሱፐርኮንዳክተርነት ወጣ። ኩዌንች እንለዋለን። ሽቦው አንድ ቦታ ሞቀ፣ ሬዚስታንስ ተፈጠረ፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አሞቀው፣ በሰከንዶች ውስጥ የታመቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ተለወጠ። ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ሄሊየም 1 ሊትሩ ሲተን ከ700 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ማሽኑ ውስጥ ከ1,000 ሊትር በላይ ነበር። ድምፁ እንደ አውሮፕላን ሞተር ነው። በጣሪያው ቧንቧ ነጭ ጉም ሆኖ ሲወጣ ከውጭ ቆመን አየነው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ያ ሄሊየም ግን አይመለስም። ወደ አየር ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ ከምድር አምልጦ ነው የሚሄደው። አዲስ እስኪመጣና ማግኔቱ እንደገና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተራ ይዘው የነበሩ ሕመምተኞች ሳምንታት ጠበቁ።

አሁን 7 ሊትር ገደማ ብቻ ይዘው የታሸጉ ማሽኖች መጥተዋል፣ ያ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን 77 ኬልቪን ላይ በናይትሮጅን የሚሠራ፣ እንደ ኒዮቢየም ቲታኒየም የሚጠመዘዝ ሽቦ ቢመጣ ኤምአርአይ ዛሬ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል። ናይትሮጅን ከአየር ነው የሚወጣው። የክፍል ሙቀቱን ባላይም ግድ የለኝም። ያቺን 77 በደንብ ብንጠቀምባት ይበቃኛል።

ጠመዝማዛ

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ያልኩት ሙቀቱ ብቻውን አይበቃም ነው። ጀርመን ኤሰን ከተማ ውስጥ በ2014 የተዘረጋው 1 ኪሎሜትር ኬብል በናይትሮጅን ነበር የሚቀዘቅዘው፣ መሃል ከተማ ላይ። የሚቻል ነገር ነው።

የማታ_ተማሪ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ስለ ግራፊኑ ማንም አላነሳም፣ እሱን በአጭሩ የሚለኝ አለ?

ኒኬል28

በ2018 ኤምአይቲ ውስጥ ሁለት የግራፊን ሉሆችን (ግራፊን አንድ አቶም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ሉህ ነው) አንዱን በአንዱ ላይ 1.1 ዲግሪ አዙረው ሲደርቧቸው 1.7 ኬልቪን ላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆኑ። ሙቀቱ ትንሽ ነው። ጥቅሙ ኤሌክትሮኑን በቮልቴጅ ብቻ መጨመርና መቀነስ መቻልሽ ነው። እኔ አንድ መጠን ለመቀየር አዲስ ሽፋን አሳድጋለሁ፣ እነሱ አንድ ቁልፍ ያዞራሉ። በ2025 ደግሞ እዚያው ኤምአይቲ ያልተጠማዘዘ ባለ ጥቂት ድርብ ግራፊን ውስጥ ሱፐርኮንዳክተርነትና ማግኔትነት አብረው ታዩ። እነዚህ ሁለቱ እንደ ውሃና ዘይት ናቸው ሲባል ነበር የኖረው። ገና ብዙ ይባልበታል።

የማታ_ተማሪ

የመጨረሻ ጥያቄ። ዛሬ አንድ ወረቀት አውርጄ በነገራችሁኝ መሠረት ግፊቱን ፈለግሁ፣ አለ። የማግኔት ልኬቱን ፈለግሁ፣ እሱም አለ። ግን ሥዕሉ ላይ ሁለት መስመር ነው ያለው። ከላይ አብረው ይመጡና አንድ ሙቀት ላይ ይለያያሉ። አንዱ በጣም ይወርዳል፣ አንዱ ትንሽ ብቻ። የትኛውን ነው የማየው?

ባለአራት_ሽቦ

ሁለቱንም። በጣም የወረደው ናሙናውን መጀመሪያ ያለ መስክ አቀዝቅዘው ከዚያ መስክ ሲከፍቱበት የተለካ ነው። መስኩ እንዳይገባ መከልከሉን ያሳያል። ትንሽ የወረደው መስኩ ክፍት ሆኖ ሲቀዘቅዝ የተለካ ነው። የገባውን ማስወጣቱን ያሳያል፣ ዋናው የማይስነር ምልክት እሱ ነው። ያነሰው ቅድም ካልኩት ከመቸንከሩ የተነሳ ነው፣ አያስደንግጥሽ።

ቀጥሎ ግን ቋሚውን መስመር በደንብ እይው። ከታችኛው ቁጥር ተነስተሽ ከናሙናው ስንት በመቶው ሱፐርኮንዳክተር እንደሆነ ታሰያለሽ። 1 በመቶ ከሆነ ምናልባት ያየሽው ውስጡ የተደበቀ ሌላ ቁስ ነው። 80 ወይም 90 ከሆነ ወንበርሽን ሳቢና ወረቀቱን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢው። የናሙናውን ክብደትና ቅርጽ ጽፈው ከሆነ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናሰላዋለን።

የማታ_ተማሪ

ክብደቱን ጽፈዋል፣ 3.2 ሚሊግራም ይላል። ቅርጹን እየፈለግሁ ነው። ጠብቁኝ።